ጫፍ የጠፋበት ጃንጥላ

ምራት አማቷን በስሙ አትጠራም። የአለምወርቅ እናት ልጇን ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ስትድር ካስያዘቻት ምክር አንዱ ይህ ነበር፤ አለምወርቅም እናቷን አላሳፈረችም። በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያን ሁሉ ስትናገር የባሏን አባት ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችም። እሷ ያላነሳችውን እኛ ምን ቆርጦን እናነሳለን? አማቷ እንበላቸው።

ነገሩ የመጣው በብስክሌት ነው። አለምወርቅ በጋፋት በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ከቤቷ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ባጃጅ አይደፍረውም። ልጇ ደግሞ ገና ስምንት ወሯ ነው። ስለዚህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ትከንፋለች፣ ልጇን ታጠባለች፣ የራሷን ጉርሻ እያኘከች ትመለሳለች። በእግሯ ብትሄድ ገና የቤቷን ደጃፍ ስትረግጥ የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ብስክሌቷ ከሌለች ወይ ሥራው ይቀራል ወይ ጡቱ ይቀራል።

አማቷ ግን ብስክሌቷን ከመጀመሪያው ቀን ጠመዷት። በፊት «ነውር ነው» አሉ፤ ነውርነቱን የሚያስረዳላቸው ሲያጡ «ሰው ትገድላለች» አሉ። ልጃቸው ፈንታሁን በአባቱ ፊት ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማይናገር ሰው ነው፤ እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነገሩ አለቀ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች ቤታቸው ሊቀመጡ፣ ብስክሌቷም ለአንድ የሐሙሲት ሰው ልትሸጥ ቀጠሮ ተያዘ።

በዚያው ዓርብ ጠዋት ደግሞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ የአማቷ ጃንጥላ ከብስክሌቷ ጎማ ውስጥ ገባ። እሷ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፤ የተማሪዎቿ ደብተር ጭቃው ላይ ተበተነ። እርሳቸው አልወደቁም። ሰው ሲሰበሰብ «ገጨችኝ፤ ጃንጥላዬንም ሰበረችው» ብለው ጃንጥላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሄዱ። ጃንጥላው ራሱ ገባ ወይስ ተልኮ ገባ፣ ያየ ሰው አልነበረም። እሑድ ግን የሚታመነው ማን እንደሆነ አለምወርቅ ታውቃለች። ሽበት እያለ ለሒሳብ አስተማሪ ማን ጆሮ ይሰጣል?

ታዲያ በዚያ ሰፈር ብስክሌት የሚጠግነውም፣ ጃንጥላ የሚያድሰውም አንድ አስማማው ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጣመመ ጎማዋን እየጎተተች ከቆርቆሮ ዳሱ ስትደርስ፣ አማቷ አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጃንጥላቸው ከአስማማው እግር ሥር ተጋድሟል። አናቱ ላይ የምትቀመጠው የብረት ጫፍ የለችም፤ አስማማው ከፈት ባደረገው ቁጥር ጨርቁ ከዘንጉ ላይ ሸርተት ብሎ ይወድቃል።

አለምወርቅ ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ጀርባዋን እንዳትሰጣቸው ጎን ለጎን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ግን ወደ አስማማው አዞረች። በልቧ ንዴት ነበር፣ ንዴቱንም እንደ እናቷ ልጅ ፈገግታ አለበሰችው። እናቷ በእብናት እህል ገበያ ገዢውን ቆንቋና ብላ ሰድባ፣ ተመስግና የምትመለስ ሴት ነበረች።

«እንደምን ዋልህ አያ አስማማው! እትዬ አበበች ደኅና ናት? ወገቧስ? እሰይ፣ እሰይ... ይህ ከጉና የሚወርደው ብርድ እኮ ወገብ አይምርም። ድንቹ ግን ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉ፤ ገብሱም ደኅና ይዟል። ዝናቡ ነው የከረመብን። ቢሆንም ዝናብ ሲበዛ ጃንጥላ ይበዛል፣ ጃንጥላ ሲበዛ ያንተ ሥራ ይበዛል። ሁሉም ለበጎ ነው!

እኔማ ምንም አልሆንኩ። ቸርኬዋ ትንሽ ጠመም ብላብኝ ነው... ሽቦዎቹም ሦስት አራቱ ተቆልምመዋል። አየኸው? ረጋ ብለህ እየው፣ አልቸኩልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔም ዛሬ ደብተር ስለቅም ነው ያረፈድኩት። ... አይ፣ ማንም አልነካኝ! መንገድ ነው። መንገድ ላይ የማይገጥም ነገር አለ እንዴ?

ሰው ሁሉ ብስክሌት ስነዳ ሲያየኝ ‹ዳገቱን እንዴት ቻልሽው?› ይለኛል። ዳገቱ ምን አደረገኝ? ዳገት እኮ ጨዋ ነው አያ አስማማው፤ ጠዋት ያየኸው ማታም እዚያው ነው። ብድግ ብሎ ፊትህ አይደነቀርም። እግረኛው ነው እንጂ! ተማሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያጥሩታል። ዶሮ የያዘችው ሴት እኔን ስታይ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ መጨረሻ ላይ እኔው ወዳለሁበት! የቅዳሜ ገበያተኛውማ ዱላውን በትከሻው አግድሞ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎበት ይሄዳል። ‹ዞር በሉ!› እለዋለሁ። ታዛዥ ነው፣ ዞር ይላል። ባለበት ዞር! ዱላውም አብሮት ይዞራል። ስንት ጊዜ አንገቴን ቀብሬ አልፌያለሁ መሰለህ። ግን በምን ልቀየመው? ዞር በል አልኩት፣ ዞረ። ጥፋቱ የቃሉ ነው፣ የእሱ አይደለም።»

አስማማው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ቸርኬው አጎነበሰ። አማቷ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። እስካሁን የሚያስከፋ ነገር አልሰሙም፤ እንዲያውም የዶሮዋ ነገር ሳያስቃቸው አልቀረም። አለምወርቅ የተላጠ ጉልበቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና ድምፅዋን ትንሽ አለሰለሰች።

«የገበያው ሰው እንግዳ ነው፤ መንገድ ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ የምነግርህ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው... አይ፣ አታውቃቸውም። በኛ ሰፈርም አይደሉም፣ ከዚያ ማዶ ናቸው። እንዴት ያሉ ሰው መሰሉህ! እንደ እርሳቸው ያለ ሰው አክባሪ አላየሁም። ‹ዞር በሉልኝ አባቴ› ስላቸው ዞር ብለው፣ መንገዱ መሃል ቆመው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው ነው የሚያሳልፉኝ። ሰውን ሳያዩ ማሳለፍ ነውር ነዋ! አንዳንዴማ የጫማዬን ማሰሪያ ሳይቀር የሚቆጥሩ ይመስለኛል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አይደል? እርሳቸውም ቀስ ይላሉ፣ ቀስ ይላሉ... እንቁላሉ ይሄዳል፣ እርሳቸው እዚያው ናቸው።

በኋላ ጊዜ ለምን አስቸግራቸዋለሁ አልኩና ደወል አስገጠምኩ። ራስህ አይደለህ የገጠምክልኝ? ያን ጊዜ ድምፁ ቃጭል ቃጭል ይላል ብዬህ ነበር፤ አንተ ግን ‹ይሄ ነው ያለኝ› አልክ። እግዜር ይይልህ! እኒያ ሰው ደወሉን ገና ሲሰሙ ቀጥ ይላሉ። ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ ያማትባሉ፤ አቀርቅረው ይቆማሉ... መንገድ መሃል! እኔ ምን ላድርግ? የቆመ ቅዳሴ አይቋረጥ፣ ወርጄ አብሬ እቆማለሁ። ዓርብ ዓርብማ ስግደት ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ... እውነተኛው ቃጭል በሚመታበት ሰዓት ከግንቡ ሥር ተቀምጠው የበሬ ዋጋ ያወራሉ ይላል ሰው። እኔ አላየሁም። ሰው መቼም ያወራል።»

አግዳሚው ሲጥ አለ። አማቷ እግራቸውን አነባብረው ነበር፣ ፈቱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልጃቸው ከማን እንደወረሰው ያኔ ታወቀ። ሊናገሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግን ምን ይላሉ? አሽሙር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። «እኔን ነው?» ያለ ሰው ስሙን በራሱ አፍ ጠራ። ዝም ያለም ያዳምጣል። አማቷ ማዳመጡን መረጡ።

«ደግሞ አድሏዊ አይደሉም። ባጃጅ ሲመጣ ሙሽራ እንደሚያሳልፍ ሰው ጥግ ይይዛሉ። እኔስ ሦስት ጎማ ስለሆነ ለሥላሴ ብለው ይሆናል አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ለአህያም ይለቃሉ። አብሮ አደግ መንገድ ላይ አይጋፋም መቼም... ምነው ሳልክ አያ አስማማው? ብርዱ ነው፣ ተከናነብ።

ሁለት ጎማ ላይ ነው ሐሳብ የሚገባቸው። ምክንያት ግን አላቸው፤ ሰውን ያለ ምክንያት አላማም። በጉልምስናቸው በቅሎ ነበረቻቸው አሉ። እንዴት ያለች በቅሎ! እርሳቸው ላይዋ ሲወጡ ገበያው ለሁለት ይከፈል ነበር። የቆመው ይቀመጣል፣ የተቀመጠው ይነሳል፣ ሁሉ ‹ይለፉ ጌታዬ› ነው። አሁን በቅሎዋ የለችም... ያን ጊዜ ሰው የለቀቀላቸውን መንገድ ዛሬ ክንድ በክንድ እያስመለሱ ነው መሰለኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ሳታስበው ነው። በአማቷ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ኮርቻ አለ። በቅሎዋ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እርሳቸው ግን ዛሬም በበዓል በበዓሉ ኮርቻውን አውርደው ቅቤ ይቀቡታል። አለምወርቅ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን ያን አይታ ወዳቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም ፈጽማ አልጠላቻቸውም። ግን ጡቷ ከረፋዱ ጀምሮ ወጥሮ፣ ወተቱ ቀሚሷን አርሶታል፤ በነጠላዋ ሸፍናዋለች። በዚያ ቀን በምሳ ሰዓት ቤቷ አልደረሰችም።

«እናልህ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደግነታቸው ከልክ አለፈ። ዛሬ ዞር በሉ አላልኩ፤ ደወልም አልነካሁ፤ ዳር ይዤ በዝግታ ነው የመጣሁ፣ ፍሬኔን ጨብጬ። ቁልቁለቱ ይዟት እንዳይሄድ ብለው ይሆናል፣ ያንን የሚያህል ጃንጥላ... እንዲያው የቆምኩ መስሎኝ ራሴን ጭቃው ላይ አገኘሁት። ቁልቁለቱን ገላገሉኝ! ለሰው ብሎ ጃንጥላውን የሚሠዋ ዛሬ ማን አለ? ልጅ ሆነን ‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል› ሲሉን ስለ ልብስ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ ጃንጥላ ኖሯል።

የእኔ ጉልበትስ ይድናል። ደብተሩም ይደርቃል። አንዲት ቤት ውስጥ ያለች ሕፃን ናት ያሳዘነችኝ... በምሳ ሰዓት ጠብታ ሳታገኝ ስታለቅስ ዋለች አሉ። የሚወዷት አንድ ትልቅ ሰው አዝለው እሹሩሩ ቢሏት፣ በጣታቸው ውኃ ቢያልሷት፣ ‹ምን ነካብኝ ይቺን ልጅ!› እያሉ ግቢውን ቢዞሩ፣ አልተወችም። ምን እንደነካት ማን ይንገራቸው? ልጅቱ አፍ አልፈታችም። አፍ ብትፈታ ኖሮ እሷም ዞር በሉ ትላቸው ነበር።»

እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። አማቷ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ፤ ልጅቷን ያዘሉበት ትከሻቸው ዝቅ አለ። የእውነት ነበር የዋሉት፣ እያዘሉ፣ እያባበሉ። ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ ግን እስከዚህች ደቂቃ አልገባቸውም ነበር።

አስማማው በፒንሳው ከተቆለመሙት ሽቦዎች መካከል አንድ ነገር እየጎረጎረ ነበር። አልወጣ ያለው ነገር ድንገት ጢን ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። አነሳው፤ በጨርቅ ጠረገው፤ አገላብጦ አየው። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር የብረት ጫፍ ናት። አስማማው ሰላሳ ዓመት ጃንጥላ ያደሰ ሰው ነውና ምን እንደያዘ ያውቃል። ከጃንጥላው አጠገብ፣ በርጩማው ላይ አስቀመጣት።

ሦስቱም ጫፏን አዩ። አለምወርቅ ልቧ ሲዘል ለራሷ ተሰማት። ማስረጃ አገኛለሁ ብላ አልመጣችም፤ የመጣችው ልቧን ልታስተነፍስ ብቻ ነበር። ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ፊቷን ወደ አስማማው መለሰች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት አያ አስማማው? የብስክሌት ዕቃ አትመስልም... ወይ ጉድ፣ የሰው ንብረት ይዤ ስዞር ውያለሁ ማለት ነው? እንዴት ብላ ገባች? እኔ እንግዲህ ከሒሳብ ሌላ የማውቀው የለኝም። ብስክሌቷ ሄዳ ጃንጥላ ብትገጭ የሚሰበረው ወገቡ ነበር። ቀጥ ያለ ነገር ክብ ውስጥ የሚገባው በጫፉ ሲመጣ ነው። ይህን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ ሽማግሌዎቹም አያቅታቸውም።

ሽማግሌ ስል ትዝ አለኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለእኔ ማን ይነግረኛል። ታዲያ ይህቺን ጫፍ በነጠላዬ ቋጥሬ ልውሰድና መሃል ላይ አስቀምጬ ‹ባለቤቷ ማን ነው?› ልበላቸው? ወይስ ባለቤቷ ዛሬውኑ ተገኝቶ ቢወስዳትና፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ ተጫውተው፣ መርቀውን ቢሄዱ ይሻላል? አንተ ምን ትላለህ? እኔስ የሰው ዕቃ ቤቴ ባያድር እመርጣለሁ።»

አስማማው ጃንጥላውን አንስቶ ከፈተ። ጨርቁ ሸርተት ብሎ ከዘንጉ ላይ ወደቀ። በጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት።

አማቷ ዝናቡን አዩ። ጃንጥላውን አዩ። ከዚያ ጫፏን አዩ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ሳይወስዷት ቢሄዱ ዝናቡ አለ፣ እሑድም አለ። ከወሰዷት ደግሞ ከማዶ ያሉት ሰው እዚህ ናቸው ማለት ነው። በመጨረሻ እጃቸው ከጋቢያቸው ወጣ፤ ጫፏን በሁለት ጣት አነሱና ወደ ማንም ሳያዩ ለአስማማው አቀበሉት። አስማማው ጨርቁን ወደ ቦታው መልሶ ጫፏን አጥብቆ ገጠማት። ጃንጥላው ተከፈተ፤ ጨርቁም ቀጥ ብሎ ቆመ።

እሑድ ስለ ብስክሌት የሚነሳ ነገር እንደማይኖር ሦስቱም ያኔውኑ አወቁ። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ትበቃ ነበር። አለምወርቅ ግን የእናቷ ልጅ ናት፣ ጡቷም ገና እንደወጠረ ነው። አማቷ ሊሄዱ ሲነሱ አብራቸው ብድግ አለች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን እንደገና ሳመች፤ እጆቿንም ዘርግታ፣ ፊቷ ሁሉ ፈገግታ ሆኖ፣ አስማማውን አየችው።

«በል አያ አስማማው፣ ሰው አምተን ሳንመርቅ አንለያይ፣ ኃጢአት ነው። እኒያን ትልቅ ሰው እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ዞረው የሚገቡበት ቤት፣ ገብተው የሚያቅፉት የልጅ ልጅ አያሳጣቸው። በሄዱበት ሁሉ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው... ጨርቁን ደግሞ እንዳይጥሉት፣ ጫፉን አጥብቆ ይያዝላቸው! ... አባባ፣ ምነው ዝም አሉ? እኒያ ሰው እዚህ የሉምና፣ እርስዎ አሜን ይበሉላቸው እንጂ!»